ጋቢና የሚሉት አልጋ

እህቴ ሰው ስትጨብጥ ፊት አታይም፤ ጥፍር ነው የምታየው። ጥፍሩ ጠቆር ካለባት ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ደረጃ ስትወጣ ያደክምሃል?» ብላ ታፋጥጠዋለች። እኔ ፀጉር ሠሪ ስለሆንኩ ከሰው ቀድሞ የሚታየኝ አናቱ ነው፤ ስለዚህ በእሷ ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝም። አንድ ጊዜ ግን ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲገባ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የእጁን ደም ሥር አየሽልኝ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ትወጊዋለሽ እኮ!» ያለችኝ እስካሁን ያስቀኛል። ያኔ እኛ ቤት ሳቅ ነበር።

ነርስ ናት። የምትሠራው ትልቅ ሆስፒታል፣ ውስጥ ደዌ በሚባለው ክፍል ነው። ልቡ የደከመ፣ ሳንባው ውሃ የቋጠረ፣ ኩላሊቱ እምቢ ያለው፣ ስኳሩ ሰማይ የነካ ሁሉ ሲብስበት እዚያ ይመጣል። በእግሩ የሚገባ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በቃሬዛ ነው። ቁመቷ ከወንዶቹ ነርሶች ስለሚበልጥ በሽተኞቹ «ሎጋዋ» ይሏታል። «ሎጋዋ የለችም እንዴ ዛሬ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ነርስ ልትወጋው መሆኑን የሰማ ነው፤ እጇ ቀላል ነው ይባላል። ልጆች ሆነን ፀጉሬን ስታበጥርልኝ ግን ቀላል አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

አላገባችም። እማዬ «ቁመቷን የሚመጥን ጠፋ» እያለች ለጎረቤት ታስተባብላለች እንጂ፣ የጠፋውስ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ነበር፤ ደህና ሰው፣ የሒሳብ መምህር። በቀጠሯቸው ሁሉ ወይ ትዘገያለች፣ ወይ መጥታ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። በመጨረሻ «እንድታዪኝ የግድ መታመም አለብኝ?» ብሏት ሄደ። ስትነግረን እየሳቀች ነበር፤ አባዬ ግን አልሳቀም።

ክፍሉን አውቀዋለሁ፤ ምሳ ላደርስላት ስንት ጊዜ ገብቻለሁ። ረጅም አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ መሐሉን ጋሪ ያልፍበታል፤ መግቢያው ላይ የነርሶቹ ጠረጴዛ አለ፣ ከዳር ሰፊ መስኮት። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በረኪና ይሸታል። አንዱ ማሳል ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ከየአልጋው ጥሪ ነው፦ ሲስተር ውሃ፣ ሲስተር ግሉኮሱ አለቀ፣ ሲስተር ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው፣ ሲስተር እስቲ ትንሽ ቀና አድርጊኝ። ለሁሉም «መጣሁ» ትላለች፤ ለሁሉም ትደርሳለች ብል ግን ውሸት ነው። ከማን መጀመር እንዳለባት ታውቃለች። «የሚጮኸው ትንፋሽ አለው፤ እሱ ቢቆይ ምንም አይል» ትለኝ ነበር።

ቤት ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ወለሉ ላይ ትጋደምና እግሯን ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። እማዬ «እንዴት ዋልሽ?» ስትላት ማማረር ከጀመረች፣ ጓንት አለቀ፣ አንሶላ የለም፣ ያ ትዕቢተኛ ሐኪም እንዲህ አለኝ ካለች፣ ደስ ይለናል፤ ሰው አልሞተም ማለት ነው። «ደህና» ብቻ ካለች ግን ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቃት የለም። አባዬ ቀስ ብሎ ሬዲዮኑን ይዘጋል።

ስለዚያ አልጋ የሰማነውም ከእሷ ነው። ከነርሶቹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ አንድ አልጋ አለ። ከሁሉም የባሰበት ሰው የሚተኛው እዚያ ነው፤ የልብ ምትና ትንፋሽ የሚከታተለው ሞኒተርም ያለው እዚያ ነው፤ ዓይን እንዳይለየው። በሽተኞቹ ግን የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። እዚያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም። ድሮውንም የባሰበት ስለሆነ ነው ብሎ የሚያስረዳ ቢኖርም፣ በሩቅ ተኝቶ ለሚያይ ሰው ገዳዩ አልጋው ነው። አንድ ቀልደኛ «ጋቢና» ብሎ ስም አወጣለት፤ ከሹፌሩ ጎን፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድሞ የሚሄድ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ማን ጋቢና ገባ?» መባባል ሆነ። ሊወስዱት ሲመጡ የጎረቤቱን አልጋ ብረት ይዞ አልለቅም ያለ ሰው ነበር አሉ።

እነዚህን ሰዎች ማሳመን የሎጋዋ ሥራ ሆነ። «እዚያ የምወስድህ ላይህ ነው እንጂ ልሸኝህ አይደለም» ትላቸዋለች። ልጆቻቸው ሲያለቅሱ ኮሪደር አውጥታ ታስረዳቸዋለች፤ ዳር የተኛ ሰው አንድ ነገር ቢሆን እስኪታይ ይረፍዳል፣ እንዲድንላችሁ ከፈለጋችሁ ዓይን ሥር ይሁን ትላለች። አንድ ልብስ ሰፊ እንዲህ ተለምኖ ጋቢና ገባና ድኖ ወጣ። ተኝቶ እያለ በዓይኑ ለክቷት ኖሮ፣ ካፖርት ሰፍቶ ላከላት። እጅጌው ከእጇ አንጓ ያላጠረ የመጀመሪያ ልብሷ ነው፤ ባረጀም ጊዜ አልጣለችውም። ስለ አልጋው የሚከራከራት ሲመጣ ያንን ልብስ ሰፊ ምስክር ትጠራለች።

አባታችን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሲጋራ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ መሪውን አስረከበ፣ ሲጋራውን ግን እሷ ኪሱን እየበረበረች እስክታስተወው ድረስ አልተወም። ቢተወውም ረፍዶ ነበር፤ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። እኛ ቤት ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት መሄድ ቀርቶ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ጉልበቱን፣ አክስታችን የራስ ማዞሯን፣ ጎረቤቱ የልጁን ሳል ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣል። «አንቺ እያለሽልን!» ይሏታል። ምስጋና ይመስላል፤ ሸክም መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ብርዱ የበረታ ጊዜ አባዬ አተኮሰው፣ ትንፋሹም አጠረ። እሷ ክፍል ተኛ። ሌላው ሰው ዘመዱ ሲታመምበት «እዚያ የምታውቀው ሰው አለህ?» ይባላል፤ እኛ የገዛ ልጃችን አለችን ብለን ኮራን። የነርሶቹ ኃላፊ «እሜቴ» የሚሏት ጠና ያለች ኮስታራ ሴት ናት። መስኮት ዳር ያለውን አልጋ ሰጠችው፤ ብርሃን አለው፣ ከታች አውቶቡስ ሲያልፍም ይታያል። ለእህቴም ፈቃድ ሰጠቻት።

«አባትሽ እዚህ እስካለ አንቺ አስታማሚ ነሽ» አለቻት። «ነርስ አይደለሽም። ጋውንሽን እንዳላይብሽ።»

የክፍሉ ደንብ ነው። የራሱን ዘመድ ማንም አይወጋም፣ ማንም አይለካም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። እህቴ የቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ በገዛ ክፍሏ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። በሽተኞቹ ግራ ገባቸው። አንድ አዛውንት «ሲስተር... ይቅርታ፣ ዛሬ ማን ልበልሽ?» ብለው አሳቁን።

አባዬም አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለት ቀልዱን አልተወም። ታላቅ ወንድማችን ለሁሉ ነገር «አባቴ ይሙት!» ብሎ የሚምል ሰው ነው፤ ከልጅነቱ የለመደበት። ሊጠይቀው መጥቶ፣ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው የዘገየሁት፣ አባቴ ይሙት!» አለ። አባዬ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ «ትንሽ ታገሥ እንጂ ልጄ፤ እየሞከርኩ ነው» አለው። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ በሳቅ ብዛት ሳል ቀስፎ ይዞት ነርስ ተጠራለት። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሲምል ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ጠዋት ባሰበት። ተቀምጦ ነው ያደረው። ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሳል ይወድቃል፣ የአንገቱ ጅማት ይገተራል። አንሶላውን ይጥላል፣ ቱቦውን ይነቅላል፣ ልውረድ ይላል። ሐኪሙ መጥቶ አየው፣ መድኃኒትም ጨመረለት። እሜቴ ከሐኪሙ ኋላ ቀርታ ቆማ ስታየው ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ እህቴን፣ «ወደ ፊት እናምጣው» አለቻት።

«ምን ሆነና?» አለች እህቴ።

«ምንም። እንድናየው ነው።»

«እኔ እያየሁት አይደል እንዴ? ከአጠገቡ አልነሳም።»

«አንቺ አስታማሚ ነሽ።»

«እሜቴ፣ በሞቴ! እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ አላየውም። አልችልም።»

አባዬ ሰምቶ ኖሯል። «ጋቢና ነው... የምትሉት?» አለ፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰ። «ምን... ችግር አለው? እኔ ዕድሜ ልኬን... ፊት ነው የተቀመጥኩት።» ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

«ዝም በልልኝ አባዬ፣ ትንፋሽህን አትጨርስ» ብላ እጁን ያዘች። እንባዋ ሞልቷል። ሌላ አስታማሚ ቢሆን እሜቴ ቆማ አትከራከረውም፤ አልጋውን ገፍታ ትሄዳለች። ይቺ ግን ሎጋዋ ናት፣ ስንት ክፉ ቀን አብራት ያሳለፈች። ይሉኝታ ያዛት። «እሺ፣ እስከ ከሰዓት እንየው» ብላ ተመለሰች። ያን ሁሉ ሰው ኮሪደር ላይ ያሳመነች እህቴ፣ ነገሩ በራሷ ሲመጣ እንደ ማንኛችንም ሆነች። እኔ ራሴ በሆዴ «ጎሽ!» ብያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ተረጋጋ። በመጀመሪያ ትከሻው መነሳት መውደቁን ተወ። ቀጥሎ አንሶላውን መጣል፣ ቱቦውን መንቀል ቀረ። ፊቱ ሞቅ፣ ቀላ አለ። ዓይኑ ከበደው፣ አንገቱ ወደ ትራሱ ዘመመ፣ ጭልጥ አለ። ያን ያህል ሲታገል አድሮ እንቅልፍ ሲወስደው እንዴት ደስ እንዳለን ልነግራችሁ አልችልም። እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን!» አለች። እህቴ ብርሃኑ ዓይኑን እንዳይወጋው ተነስታ የአልጋውን መጋረጃ ዙሪያውን ሳበችለት፤ ከዚያ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን።

ጠያቂ ሲመጣ ከበር መለሰችው። ወንድሜ ሊያወራ ሲል በዓይኗ ቆነጠጠችው። ጽዳቷ ባልዲዋን ስታንኳኳ «እባክሽ የኔ እህት፣ አሁን ገና መተኛቱ ነው» አለቻት። የደም ግፊት መለኪያውን እየገፋች የመጣች ነርስም ነበረች። መጋረጃውን ከፈት አድርጋ «ልለካው?» ብትላት፣ እህቴ «ትንሽ ይተኛልኝ፣ ቆየት ብለሽ ነይ» አለቻት። ልጅቷ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ተመለሰች። ሎጋዋ አጠገቡ ተቀምጣ ምን ይሆናል ብላ ነዋ! እኔም በልጅቷ ቦታ ብሆን የማስበው ያንኑ ነው። እህቴም በእርግጥ አጠገቡ ነበረች። እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቱን እያየች ፈገግ ብላ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ያየሁት ፈገግታዋ ነው።

እሜቴ ፈረቃዋ አብቅቶ ልትሰናበተን መጣች። መጋረጃውን ገልጣ አባዬን አየችው። ወዲያው ጎንበስ ብላ ስሙን ጠራችው፤ ትከሻውን እየነቀነቀች ጮክ ብላ ደገመችው፤ እንዲነቃ ደረቱን በጭብጧ ፈተገችው። አባዬ አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ፤ አልጋው ተገፋ፣ ሰው ሮጠ፣ እኛን ኮሪደር አስወጡን። ጋቢና አስገቡት፣ ግን ረፍዶ ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጥቶ ነገረን።

ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው። «የታደለ! ሳይንገላታ፣ በእንቅልፉ፣ በልጁ እጅ።» አክስታችን እህቴን አቅፋ፣ «አንቺን የወለደ ምን ጎደለበት? አባትሽን አሳምረሽ ሸኘሽው፤ እጅሽ ይባረክ» ትላለች። ጎረቤቱም ተራ ይዞ ይመርቃታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች። ሰው ሐዘን ነው ብሎ አለፈው፤ እኔም ሐዘን መስሎኝ ነበር።

ሥራ ከመመለሷ በፊት ፀጉሯን ላጥብላት ሱቄ መጣች። ሌላ ደንበኛ አልነበረም። አንገቷን ገንዳው ላይ አስደግፌ፣ ለብ ያለ ውሃ ለቅቄ ማሸት ጀመርኩ። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሏል።

«እንቅልፍ አልነበረም» አለች።

«ምኑ?»

«የአባዬ። አልተኛም ነበር።»

እጄ ቆመ። «አታቁሚ፣ እጠቢኝ» አለችኝ።

ጣሪያውን እያየች ነገረችኝ። ለትንፋሽ ሲታገል የቆየ ሰው መድኃኒቱ ሳይሠራለት ድንገት ዝም ካለ፣ ፊቱ ቀልቶ እጁ ከሞቀ፣ ተሻለው ማለት አይደለም፤ መታገያ አቅሙ አልቋል። መውጣት ያለበት አየር ውስጡ ተጠራቅሞ ራሱን እያሳተው ነው። ይህ ለነርስ ሀሁ ነው፤ እሷ ራሷ ለስንት አዲስ ነርስ ያስተማረችው ነው። በጊዜ ከታየ በማሽን እየተነፈሰ እንዲቆይ ይደረጋል፣ ብዙ ሰውም ይነቃል። «ሁሉም ይነቃል አልልሽም» አለች። «ብዙ ሰው ግን ይነቃል።»

«እና አንቺ አላወቅሽም?» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«እጁ ሲሞቅ ይዤው ነበር እኮ። ሁሉንም አይቻለሁ። ግን እንዲቀለው ፈልጌ ነበር፤ ዝም ሲል ቀለለው አልኩ። አንቺን ዝም አሰኘሁሽ፣ እማዬን ዝም አሰኘኋት፣ ልጅቷን ከነመለኪያዋ መለስኳት። ጋቢና ተኝቶ ቢሆን ማን ይሰማኝ ነበር? በክንዷ ገፋ አድርጋኝ ትለካው ነበር።»

«ቀኑ ደርሶ ነው» አልኳት፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ባዶ ሆነብኝ። ከዚያ ንዴት ያዘኝ። በእሷ አይደለም። ጋውኗን አስወልቀው አስታማሚ ካደረጓት በኋላ እንደ ነርስ አመኗት፤ እኛ ደግሞ አንቺ እያለሽልን ብለን ዓይናችንን ሁሉ ለእሷ ጥለን ተቀመጥን። የእሷ ዓይን ያን ቀን የልጅ ዓይን ነበር። የልጅ ዓይን ምን ያያል? አባቱን ነዋ!

«ለእማዬ ልነግራት ነው» አለች።

«ምን ሊጠቅማት?»

«አይጠቅማትም። ግን ምርቃቱን አልቻልኩትም። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን አውቆ ይቆጣኝ።»

ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልዬ ቀና ሳደርጋት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ፤ ለብቻዋ እንድትነግራት አልፈለግሁም።

እማዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ የአባዬን ሸሚዞች ታጥፋለች። እህቴ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና «እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለቻት።

«እኔም የምነግርሽ አለኝ፣ የኔ እናት። እኔ ልቅደም፤ በኋላ እንባዬ አያስወራኝም።» እማዬ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያ በሽታ ከጀመረው ጀምሮ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ታፍኖ፣ እየጮኸ፣ ዓይኑ እያየኝ ይሞታል ብዬ ነበር የምፈራው። አንቺ ባትኖሪ እነዚያ ሰዎች ሲወጉት ሲቀሰቅሱት ይውሉ ነበር። አንቺ ግን አስተኛሽልኝ። ያን ቀን ማንንም አላስጠጋሽም፣ አይቼሻለሁ። እኔም ቀኔ ሲደርስ እንደዚያው አድርጊኝ። ከአጠገቤ ተቀመጪ፣ እጄን ያዢኝ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ። ይህን ካወቅሁ መሞትን አልፈራም። ቃል ግቢልኝ።»

እህቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

«እሺ እማዬ» አለች።

«አንቺስ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ነገ ሥራ እገባለሁ ልልሽ ነው።»

እማዬ ግንባሯን ስማ መረቀቻት።